መሥራቹ ቢታመም

ገምጋሚዋ ሐዋሳ የመጣችው፣ ወጣቶች በነፃ ተባብረው የሚሠሩት የአማርኛ ፊደል አራሚ ፕሮግራም ይዘልቅ እንደሆነ ለማየት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቹ ሲደክመው አብሮ ሲሞት ደጋግማ አይታለች። ስለዚህ መሥራቹን ምንተስኖትን ሐይቁ ዳር አግኝታ ዋናውን ጥያቄ አስቀደመች።

«ነገ ቢታመሙ ሥራውን ማን ይቀጥለዋል?»

ምንተስኖት ሳቀ። «መንታ ከወለድን ሁለት ዓመት ሆነን። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም።»

ገምጋሚዋ ግራ ገብቷት ስልኳን አወጣች። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ለተጠቃሚዎች በስምዎ መልስ ተሰጥቷል።»

«ድሮ ለሌላ ጉዳይ የይለፍ ቃሌን ከልጆቹ ለአንዱ ሰጥቼው ነበር። አሁን ሁሉም በየተራ እኔን ሆነው ይጽፋሉ፤ ሥራውን ጥሎ ጠፋ እንዳልባል ብለው ነው። ከእኔ የተሻለ ይመልሳሉ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አደራ፣ ማወቄን ለልጆቹ እንዳይነግሩብኝ።»