በትልቁ ድስት የተጣደው ንፍሮ

ሰውየው ከሥራ ሲገባ ግቢው ውስጥ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ክዳኑን ገለጥ ቢያደርግ ንፍሮ ነው፤ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ። በእነሱ ሰፈር ንፍሮ በዚህ ድስት የሚቀቀለው ሰው ሲሞት ነው። እናቱ ደግሞ ሆስፒታል ከተኙ ሳምንት አልፏቸዋል።

ሚስቱ ዓይኗ ቀልቶ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"እማዬ ናት?" አላት፣ ከድስቱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

"እሳቸው ናቸዋ! ሌላ ማን ይሆናል?" አለችና አፍንጫዋን ሳበች።

"መቼ?"

"ጠዋት፣ አንተ እንደወጣህ።"

"ታዲያ ሳትነግሪኝ?"

"አትንገሪው አሉኝ። በል መጀመሪያ ቁጭ ብለህ ብላ።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የለቀቀው ጩኸት የሦስት ቤት ቆርቆሮ አንቀጠቀጠ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመለሰ። ሰውየው መሬት ላይ እየተንከባለለ "እማዬን! እማዬን!" ይላል።

በዚህ መሃል የጓዳው በር ተከፈተና እናቱ የጨው ዕቃ ይዘው ብቅ አሉ።

"ሐኪሙ ሥጋ ይተዉ፣ ጥራጥሬ ያብዙ ብሎ ነው ያሰናበተኝ" አሉ ደንግጠው። "ምነው ልጄ፣ ገና ሳትቀምሰው?"