ከባዱ ባትሪ

ሙቀቱ ሰው መግደል ሲጀምር የአርባ ምንጭ ሰው በእግሩ ወደ ጨንቻ ደጋ ወጣ። መኪና የለም፤ ባትሪ የሚሞላበት መብራትም ጠፍቷል። ቆላ የሚቀር ሰው አይተርፍም።

የዘነበች ባል ገዝሙ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መኖር አይችልም። የቀሯቸው ሁለት የተሞሉ ባትሪዎች ናቸው። የሊቲየሙ ቀላል ነው፤ ግን ስላረጀ ዳገቱ ሳይጋመስ ያልቃል። እንደ መኪና ባትሪ ያለው የእርሳሱ ጨንቻ ያደርሳል፤ ክብደቱ ግን አይቻልም። ዘነበች አዝላው ሞከረች፤ ከደጃፉ ሳትርቅ ጉልበቷ ከዳት። እንዳይረዷት ሰው ሁሉ ልጁንና ውሃውን ተሸክሟል።

"ቀላሉን ያዢና እንሂድ። እስከምደርስበት ልድረስ" አላት ገዝሙ።

"መንገድ ላይ ጥዬህ ልሄድ?"

"እንግዲያ ብቻሽን ውጪ።"

ጎረቤታቸው አማረች ሕፃኗን አዝላ ልትሰናበት ስትመጣ፣ ዘነበች የሊቲየሙን ባትሪ አስያዘቻት።

"ለልጁ ማራገቢያ ይሁንሽ።"

"እናንተስ?"

"እኛ ከባዱ ይበቃናል።"

አማረች እያለቀሰች ሄደች። ዘነበች የእርሳሱን ባትሪ እየጎተተች አስገብታ ከመሣሪያው ጋር አገናኘችው። ለመንገድ የጠቀለለችውን አንሶላ ፈትታ አልጋውን አነጠፈች።

"ነገ ያልቃል እኮ" አላት ገዝሙ።

"አውቃለሁ። እስቲ ጠጋ በልልኝ።"