የደነዘዘው ቀኝ እጅ

ሳጅን አሰግድ እናቱ ቤት ለምሳ ሲቀመጥ ማስታጠቢያው ላይ የዘረጋው ግራ እጁን ብቻ ነበር። በአዲሱ ሕግ፣ ተኩሶ ሰው የገደለን ፖሊስ የእጁ አንጓ ውስጥ የተቀበረችው ቺፕ ቀኝ እጁን ታደነዝዘዋለች፤ እጁ የሚነቃለትም እንዴት እንደገደለ ሳይዋሽ ሲናገር ብቻ ነው። አሰግድ ሠርግ ቤት ሳይቀር "በልቼ ነው የመጣሁት" እያለ ከሰው ማዕድ ከሸሸ ሦስት ሳምንቱ ነው።

"ቺፗ ተበላሽታ ነው፣ እማዬ። የገደልኩት ሰውዬ ቢላ መዞብኝ ነበር ብዬ ለመርማሪዎቹ ተናግሬያለሁ እኮ።"

"በግራህ ስትበላ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!" አሉ እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት። "በል ቀኝህን አምጣ።"

እንደ በድን የተንጠለጠለውን እጁን አንስተው፣ ሕፃን ሳለ ያደርጉት እንደነበረው ጣት በጣት እያሹ ያጥቡት ጀመር። አሰግድ አንገቱን ደፋ። መርማሪዎቹ ፊት እምቢ ያለው ቃል ከአፉ አፈተለከ።

"ቢላ አልነበረውም። ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሮጠ ነበር።"

ጣቶቹ አንድ በአንድ ነዘሩት። የውሃውን ሙቀት እንኳ ገና ሳይለይ፣ በነቃው እጁ መጀመሪያ የተሰማው የእናቱ እጅ ሲለቀው ነበር።