እግር የሚዘረጋበት ወንበር

"መጀመሪያ የተነገረ ቃል ይጸናል" የሚለው የማሽኖች ደንብ ከወጣ ወዲህ የወይንሸት እናት አሥር ኪሎ ቀንሰዋል። የቤቱ ማብሰያ "ይበላሉ?" ሲላቸው "ኧረ በልቻለሁ" ይላሉ፤ ለምኖ የሚያበላ ማሽን ደግሞ እስከዛሬ አልተሠራም።

ዛሬ ለጉልበታቸው ሕክምና የአሥራ አራት ሰዓት በረራ ይጠብቃቸዋል። አብራቸው የምትበረው ወይንሸት እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ስትመክራቸው መጣች።

"እማዬ፣ ወንበር ስትጠየቂ 'አዎ' በይ። በቃ፣ አዎ ብቻ።"

"ሰማሁ እኮ። ሕፃን አደረግሽኝ።"

ተራቸው ሲደርስ በሩ በትሕትና ጠየቀ፤ "እግር የሚዘረጋበት የፊት ወንበር ይፈልጋሉ?"

"አይ የኔ ልጅ፣ ለሌላ ሰው ይሁን።"

"ተመዝግቧል" አለ በሩ። ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣ መሐል ላይ ያለ ወንበር ደረሳቸው።

"ምነው እማዬ?"

"ሳልለመን እሺ ልበል? ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልሽም፤ በር ነው።"

ወይንሸት ጥርሷን ነክሳ "አዎ" ብላ ያገኘችውን የራሷን የፊት ወንበር ለእናቷ ለቀቀች።

"የልጅዎን ወንበር ይቀበላሉ?" አለ በሩ።

"ኧረ በሞቴ፣ እሷው ትቀመጥ።"

ከኋላቸው የቆመ፣ ሲቀመጥ እግሩ ወለል የማይነካ አጭር ሰውዬ "አዎ" ብሎ ወሰደው።

ወይንሸት ወንበሯን አንዴ ለቅቃለችና፣ እናትና ልጅ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተጣብቀው ተቀመጡ። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ የምግቡ ጋሪ ብቻውን እየተንከባለለ መጥቶ ወደ እናቷ ዞረ።

"ምሳ ይበላሉ?"

ወይንሸት አፋቸውን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘችና "አዎ" አለች። ጋሪው መጀመሪያ የሰማው ቃል ይኸው ነበርና ትሪውን ዘረጋ።

እናቷ እጇን ነክሰው አስለቀቁና እስኪበቃቸው ተቆጧት። ትሪው ላይ ግን ፍርፋሪ አልቀረም።