ጥርት ብሎ የመጣው መንዙማ

ሙህዲን ድምፅ የምታጠራውን አዲሷን ሳጥን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ። የሟች አባቱ የተቀዳ መንዙማ ሲከፈት ሁልጊዜ ሹሹታ ስለሚውጠው፣ እናቱ «ይሄ እሱ አይደለም» እያሉ ይነሱ ነበር። ዛሬም ካልሆነ ዳግም እንደማይሰሙለት ነግረውታል።

ስፒከሩ ዝም አለ። «ሰውዬው አኩርፎናል መሰለኝ» አሉ እናቱ። ሙህዲን ድምፁ በሳጥኗ በኩል እንዲወጣ ኮምፒውተሩን አዘዘው። የአባቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ቤቱን ሞላው፤ እናቱም ዱዓ እንደሚቀበሉ ሁሉ መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሚን! እሱ ነው!»

ሙህዲን እፎይ ሊል ሲል መዳፋቸው ቀስ ብሎ ወረደ። በየስንኙ መሃል፣ ሹሹታው ሸፍኖት የኖረ ሲጥ ሲጥ የሚል የደረት ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«ለካ ይህን ሲቀዳም ያመው ነበር» አሉ እናቱ። «ለእኔ ግን የአውድማ አቧራ ነው ይለኝ ነበር።»

ሙህዲን ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዙት። «ተወው ልጄ፣ ይጨርስ።»