አቤት ያላለው ቤት

ጎርፍን ወደ ፈለጉት ቤት መምራት ከተቻለ ወዲህ፣ ሰፈርተኛው በየክረምቱ ተሰብስቦ ውሃው የሚገባበትን አንድ ቤት በዕጣ ይለያል። ዘንድሮ ለእትዬ አስካለ ወጣ። ዕጣ አውጪው መሣሪያ ስማቸውን ሲጠራ እንደ ልማዳቸው «አቤት!» አሉ።

«አቤቱታዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ቀጣይ ቤት፣ ደምመላሽ።»

«ኧረ እኔስ ስጠራ መልስ መስጠቴ ነው!» አሉ ደንግጠው።

«ደምመላሽ!» አለ መሣሪያው።

ደምመላሽን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ጎሰመው። «አንተ፣ አቤት በል እንጂ!»

ከደምመላሽ ቀጥሎ ያለው የእናቱ ቤት ነው። እሷ ደግሞ የአልጋ ቁራኛ ናት። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም አለ። ዕጣው ጸደቀ።

ቤቱ ገብቶ ፍራሹን ቆጥ ላይ ሲሰቅል እናቱ በግድግዳው በኩል ተጣራች። «ደምመላሽ!»

ደጁ ካለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የዕጣ መሣሪያ እንዳይሰማው ብሎ ቀስ አድርጎ «እ» አላት።

«አይ ልጄ፣» አለች፣ «አቤት ማለት እንኳ አቃተህ?»