መሃለኛዋ ሰዓት

አምፖል ፈታሹ የሰው ወሬ አያምንም፤ የሚያምነው ናሙና ነው። ፋብሪካው ውስጥ ከእያንዳንዱ ጭነት ስምንት አምፖል ያነሳና እስኪቃጠሉ ያበራቸዋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ መሃለኛው ነው፤ ግማሾቹ ከዚያ በፊት፣ ግማሾቹ ከዚያ በኋላ መቃጠል አለባቸው። ወደ አንድ ወገን ካጋደሉና እንዲያ ማጋደላቸው በዕድል ከመቶ አምስት ጊዜ እንኳ የማይገጥም ከሆነ ጭነቱ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ይህን ለሚስቱ ያስረዳት ገና ሳይጋቡ፣ ከሥራ እስኪወጣ በር ላይ ትጠብቀው በነበረ ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ከቦርሳዋ የሸሚዝ ቁልፎች አውጥቶ ነጩን ወዲህ፣ ጥቁሩን ወዲያ ደረደረላት።

«ጥርጣሬ ያስነሳው የመጀመሪያው አምፖል አይቆጠርም» አላት። «ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሚቆጠረው።»

በዚህ ሰሞን የፋብሪካውን ደጅ ለውሃ ቧንቧ የሚቆፍሩ ሰዎች ኬብሉን በጠሱትና መብራት ጠፋ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ተሸኘ። እሱም በጊዜ ገባ። ሚስቱ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከንፈሯን ተቀብታ መጣች።

«አመሸሽ።»

«ሥራ በዝቶ ነው። አንተስ ከየት ነው?»

«ከየት ይሆናል? ከሥራ። አሁን መግባቴ ነው።»

የዋሸው በዘዴ ነበር፤ ቀድሞ መግባቱን ካወቀች ትጠነቀቃለች። እሷ ትክ ብላ አየችውና ጓዳ ገባች።

የማታ ፈረቃ ይሠራ በነበረበት ዓመት መግቢያዋን በደንብ አይቷል። አንዱን ቀን ቀደም፣ ሌላውን ቀን ዘግየት ትላለች፤ መሃለኛዋ ሰዓት አሥራ አንድ ተኩል ናት። ከአሥራ አንድ ተኩል የፈቀቀች እንደሆነ አንድ ወንድ አለ ማለት ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ለአለቃው ጥርሴን አመመኝ እያለ ቀደም ብሎ ይወጣና ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት መስኮት ሥር ይቀመጥ ጀመር። ከሰዓቷ በፊት ከገባች ነጭ፣ በኋላ ከገባች ጥቁር ቁልፍ ኪሱ ይከታል።

ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር። አራተኛው ቀን ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ፣ ዣንጥላዋን ይዛ በጊዜ ከች አለች። ነጭ። ደስ ሊለው ሲል ሰውየው ዝናብ ይፈራል ማለት ነው ብሎ አሰበና ይበልጥ ነደደ።

«ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ከላጨሁህ የሚቀረው አጥንትህ ነው» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ጢሜን እንግዲያ።»

«እሱንም ትናንት ጨርሰነዋል።»

ጫማዋም ያሳብቅባት ነበር። የምትሰፋበት ሱቅ እስከ ደጃፉ አስፋልት ነው፤ እሷ ግን ቀይ አፈር ረግጣ ትመጣለች። ሰውየው የሚኖረው መንገዱ ባልተሠራ ሰፈር መሆን አለበት። ጠዋት ጠዋት የእሷንም የራሱንም ጫማ በአንድ ብሩሽ ሲያራግፍ ወለሉ በቀይ አቧራ ይሞላል፤ እሱም ያን ሰፈር እያሰበ ጥርሱን ያፋጫል። አሁን እውነትም ጥርሱን አመመው።

አንድ ማታ መስታወት ፊት ቆማ አዲስ ሻርፕ ስትሞክር «አርጅቻለሁ እንዴ?» አለችው።

«ማን አለሽ?»

«ማንም።»

ስምንተኛው ቀንም ጥቁር ወጣ። እሷ ከገባች በኋላ ገባ፤ እራት ስታሞቅ ልብሷን በሻንጣ ከተተና በሩ ሥር አስቀመጠው። ጭነቱ ወደ መጣበት፣ ወደ እናቷ ቤት ይመለሳል። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው፤ ሰባት ጥቁር፣ አንድ ነጭ።

«እንዲህ በዕድል የሚገጥመው ከመቶ አራት ጊዜ እንኳ አይሞላም» አላት። «እወድሽ ነበር። የት ነው የምታመሺው?»

አላለቀሰችም። ሻንጣውን አየችው፣ ከቦርሳዋ ሰባት ጥቁር ቁልፎች አውጥታ ከእሱ ቁልፎች ፊት ለፊት ደረደረች።

«ፋብሪካህ በር ላይ» አለችው። «ሰባት ቀን ቆሜ ጠበቅኩህ፣ ሰባቱንም ዘበኛው ‹ቀድሞ ወጥቷል› አለኝ። የዝናቡን ቀን አልሄድኩም፤ መብራት የጠፋበትን የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ አንተው እንዳስተማርከኝ አልቆጠርኩትም። ማናት?»